ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን

በተላላፊ በሽታ ጊዜ በአንድ ግቢና በአንድ ሕንፃ አብረው ለሚኖሩ ምእመናን የቀረበ ስብከት

ንባብ፦ ዘኍልቍ 12፥9-16፤ ዕብራውያን 13፥11-14



በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ብዙ ጊዜ የማይሰበክበት አንድ አጭር ታሪክ ይገኛል። የሙሴ እኅት ማርያም በለምጽ ተመታች። ሙሴም ስለ እርስዋ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ይሁን እንጂ ማርያም በዚያው ቀን ወደ ድንኳንዋ አልተመለሰችም፤ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተለይታ እንድትቆይ ታዘዘ። መጽሐፉ ከዚህ ቀጥሎ የሚነግረን ነገር የዛሬው ትምህርታችን መሠረት ነው፤ ማርያም እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ ድንኳኑን ነቅሎ አልተጓዘም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች አብረው ቆመዋል። የታመመችው ተለየች፤ ጤነኞቹም ጠበቁአት። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንይዛለን። አንዳንዶቻችን «መለየት ጭካኔ ነው» ብለን በሽታው ከቤት ወደ ቤት እንዲዞር እንፈቅዳለን። ሌሎቻችን ደግሞ ለይተን እንረሳለን። በአማርኛችን «ሰፈር» የሚለው ቃል የእስራኤልን የጉዞ ማደሪያም፣ እኛ የምንኖርበትን መንደርም ያመለክታልና፣ ይህ ቃል ለእኛም ሰፈር እንደ ተነገረ አድርገን እንስማው።

አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች

የሰሃላን ገጠር የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር ቤት ከቤት ተራርቆ እንደሚሠራ ያውቃል። በአንዱ ደጅና በሌላው ደጅ መካከል እርሻ አለ፣ ሸለቆም አለ። ነገር ግን ሰሃላ፣ ዝቋላና አበርገሌ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጽኑ ድርቅ ተመትተዋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን በትምህርት፣ በሥራና በገበያ ምክንያት ከቆላው ወደ ሰቆጣ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ሰቆጣ የደረሰ ቤተ ሰብ አንድ ክፍል ይከራያል። በዚያ ግቢ ስድስት ወይም ስምንት በሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው፣ ቧንቧው አንድ ነው፣ የልብስ ማስጫው ገመድም አንድ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው በሰቆጣና በወለህ የተጠለሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከዚህም በጠበበ ቦታ፣ በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ቤተ ሰብ ሆነው ኖረዋል። ልጆቻችን አዲስ አበባ ሲገቡ የሚያገኙት ኑሮም በሌላ መልክ ያው ነው። በጀሞም ሆነ በአያት ኮንዶሚኒየም አንዱን ደረጃ ሁሉም ይረግጠዋል፣ አንዱን የደረጃ ብረት ሁሉም ይይዘዋል፣ በኮሚናሉም ሁሉም ለሠርግና ለለቅሶ ይሰበሰባል።

እንዲህ ተቀራርቦ መኖር በረከት አለው። እናት ገበያ ስትሄድ ልጅዋን የሚጠብቅላት፣ ጨው ሲያልቅ የሚያበድራት፣ ቡና ሲፈላ የምትጠራው ጎረቤት ታገኛለች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለው በከንቱ አይደለም። በሽታ ግን በዚያው ጎረቤት በሚገባበት በር ይገባል። በዋግ ኽምራ እኛ ካቶሊካውያን በቍጥር ጥቂት ነን፤ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፣ እስላም ወንድሞችና እኅቶችም አሉን። በሽታ ደጅ ሲደርስ የማንን ሃይማኖት እንደምንከተል አይጠይቅም። እኛም የጎረቤታችንን ጤና ስንጠብቅ ይህን ልንጠይቅ አይገባንም።

አገራችን ይህን ፈተና ደጋግማ አይታዋለች። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታምመው ነበር። በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወድቁ ውኃ የሚያቀብል ጠፋ፤ ቀባሪም ጠፋ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማጨስ እስከ ዛሬ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. ኮሌራ በዚሁ በዋግ ኽምራ፣ በአበርገሌ ታየ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ስለዚህ የምንናገረው ነገር ነገም ሊመጣ ስለሚችል ነገር ነው።

መለየት እምነት ማጣት አይደለም

«እግዚአብሔርን የሚያምን ሰው በሽታ አይፈራም» የሚል ቃል በ2012 ዓ.ም. ብዙ ጊዜ ሰምተናል። የተናገሩትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚጾሙና የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ከሙሴ ይልቅ የሚያምን ማን ነው? ከሙሴ ይልቅ ለእግዚአብሔር ቅርብ የነበረ ማን ነው? ሙሴ ጸለየ፤ ሰባቱ ቀንም ተቈጠረ። ጸሎትና ጥንቃቄ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሳይጣሉ ኖሩ።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 የፋሲካውን ሌሊት እናስታውስ። እስራኤል እስኪነጋ ድረስ ማንም ከቤቱ ደጅ እንዳይወጣ ታዝዞ ነበር። በዚያው ምዕራፍ ደግሞ ቤተ ሰቡ ጥቂት የሆነበት ሰው በጉን ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር እንዲካፈል ተነግሮታል። በሩ ተዘግቶ እንኳ ጎረቤት ከቍጥር አልወጣም። ጌታችንም ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲጥል በተፈተነ ጊዜ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መልሷል (ማቴ. 4፥5-7)። መታመሙን እያወቀ ከሰው መካከል ገብቶ የሚጋፋ ሰው ራሱን ከመቅደስ ጫፍ የሚጥል ነው፤ የሚወድቀውም ብቻውን አይደለም፣ የጎረቤቱን ልጅ ይዞ ነው።

ይሁን እንጂ መለየት ዕውቀት ይፈልጋል። በሽታ ሁሉ በአንድ መንገድ አይሄድም። ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ፣ ባልታጠበም እጅ ይተላለፋል፤ በኮሌራ የታመመን ሰው በትንፋሹ አንፈራውም። ኮሮና፣ ኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ግን የሚሄዱት በትንፋሽ ነው፤ የኩፍኝ ሕመምተኛ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ በሽታው በአየሩ ላይ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ተስቦና ግርሻ ደግሞ በቅማል ይዛመታሉ። መንገዱን ያወቀ ሰው መንገዱን ይዘጋል፤ መንገዱን ያላወቀ ሰው ግን ሰውየውን ይዘጋል። በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት የስንቱን ሳህንና ብርጭቆ ለየን? በሽታው በሳህንና በብርጭቆ አይተላለፍም ነበር። በሽታው በማይሄድበት መንገድ ላይ አጥር ሠርተን የወንድሞቻችንን ልብ ሰበርን። ስለዚህ የጤና ባለሙያውን ቃል መስማትና ማስተማር ለካቴኪስት የፍቅር ሥራ ነው።

ሕዝቡ አልተጓዘም

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንምጣ። የማርያም ለምጽ በሙሴ ላይ ከመናገርዋ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ መጽሐፉ ይናገራል። ከዚህ ተነሥተን የታመመ ሁሉ ኃጢአት ሠርቶ ነው እንዳንል ግን፣ ጌታ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ይህን አሳብ ውድቅ አድርጎታል (ዮሐ. 9፥1-3)። በደል የነበረባትን ማርያምን ሕዝቡ ከጠበቃት፣ በደል የሌለበትን የጎረቤታችንን ልጅ እንዴት አንጠብቅም?

በዚህ ነገር እኛም የምንናዘዘው አለን። በኮሮናው ዘመን በአንድ ከተማ፣ በአንድ የኪራይ ግቢ የምትኖር አንዲት እናት ሳል ያዛት። ማንም አልሰደባትም። ነገር ግን በማለዳ ቧንቧው ዘንድ ያሰለፈችውን ጀሪካን ከሰልፉ አውጥተው ከግድግዳው ሥር አቆሙት። በማግስቱ ልብስዋን ከገመዱ አወረዱት። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ለሌላ ሰው እንደሚፈለግ ተነገራት። ወሬው ለእኛ ደረሰን። «እንጸልይልሻለን» የሚል መልእክት በሰው እጅ ላክንላት፤ እስከ ግቢው በር ግን አልሄድንም። በበሩ ቆመን ስሟን ብንጠራ በሽታው አይደርስብንም ነበር፤ ይህን እናውቅ ነበር። እናትየዋም ጎሕ ሳይቀድ ሁለት ልጆችዋን ይዛ፣ እያሳለች፣ ሰው በሞላበት አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች።

ከወራት በኋላ ተመልሳ ባገኘናት ጊዜ ስለ ሕመሙ ብዙ አልተናገረችም። «አባ፣ ጀሪካኔን ባየሁ ጊዜ ነው የሞትኩት» አለችን። እኛም የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

ምእመናን ሆይ፣ በዚያ ግቢ የተደረገው ነገር ፍቅር ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም የጎደለው እንደ ነበር ልብ በሉ። ግቢው በሽታውን ያስወጣ መሰለው፤ ያደረገው ግን ወደ አውቶቡሱና ወደ ሌላ መንደር መላክ ነበር። ከዚያም የከፋው፣ ያን ያዩት የግቢው ሰዎች ሁሉ አንድ ትምህርት ተማሩ፤ እርሱም «ብታመም አልናገርም» የሚል ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው እንዲደብቅ ያስገደደው ማን ነው? ጀሪካኑን ያየ ሰው ሳሉን በትራስ ውጦ ያድራል፤ ተቅማጡን በጨለማ ይደብቃል፤ በዚህም መላው ግቢ ይታመማል። የሕመምተኛው በር እንዳይነጠቅ ማድረግ የጤነኛው ሁሉ ጥበቃ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። የመንግሥት ሕግ ይህን ካየ፣ በክርስቶስ ሕግ የምንኖር ከዚህ ይልቅ ልናይ አይገባንምን?

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይህን መንገድ ያሳየናል። በ1576 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ ቸነፈር በገባ ጊዜ ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ። ሊቀ ጳጳሱ ቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዎ ትእዛዙን አልተቃወመም። ነገር ግን በየመንገዱ መገናኛ መሠዊያ እንዲቆም አደረገ፤ ሰዎችም በየመስኮታቸውና በየደጃቸው ሆነው ቅዳሴን ተሳተፉ። ደወል ሲደወል ከየቤቱ በአንድነት ጸለዩ። እርሱም ሕሙማንን ይጎበኝ ነበር። በሩ ተዘግቶ ሳለ መስኮቱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በእኛም ዘመን ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በባዶው የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በዝናብ ቆመው ስለ ዓለም ሁሉ ጸልየዋል። አደባባዩን ባዶ ያደረገው ለሰው ሕይወት መጠንቀቅ ነበር፤ በባዶው አደባባይ ያቆማቸውም ፍቅር ነበር።

በግቢያችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በደህናው ቀን እንስማማ። ቤት ሲቃጠል ስለ ውኃ መመካከር አይቻልም። የግቢው ወይም የሕንፃው ነዋሪዎች ቡና ላይ ተቀምጠው ሳሉ «ከመካከላችን አንዱ ቢታመም ውኃውን ማን ይቀዳለታል? እህል ማን ያደርስለታል? ጤና ጣቢያ ማን ይጠራለታል?» ብለው ይወስኑ። ቤት አከራዮች ምእመናንም በዚያ ጉባኤ «በሕመም ምክንያት ማንንም አናስወጣም» ብለው ቃል ይግቡ። ይህ ቃል ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ አምስት ሰው በሚኖርበት አንድ ክፍል ሕመምተኛን «ራስህን ለይ» ማለት ብቻውን ከንቱ ቃል ነው። ድሃ ሰው የሚለየው ጎረቤቱ ቦታ ሲለቅለት ነው። ስለዚህ የግቢው ዕቃ ቤት፣ የአንዱ ትርፍ ክፍል፣ ካስፈለገም የቁምስናችን አዳራሽ ለዚህ ይዘጋጅ። ስንት ቀን መለየት እንደሚገባ የጤና ባለሙያው ይንገረን፤ በገዛ ፍርሃታችን አናስረዝመው፣ በመሰልቸታችንም አናሳጥረው።

ሦስተኛ፣ ኮሌራ ሲሰማ የመጠጥ ውኃ ይፈላ፣ ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ ማከሚያ እንደ መመሪያው ይታከም፤ አፈ ጠባብ በሆነና ክዳን ባለው ዕቃም ይቀመጥ። በመጸዳጃ ቤቱ ደጅ ውኃና ሳሙና፣ ሳሙና ቢጠፋ አመድ አይጥፋ። የታመመ ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ በመንገድም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየጠጣ ይሂድ። እርሱ ባይገኝ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ኮሌራ ችላ ሲባል በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ፈሳሹ በጊዜ ከተተካለት ግን አብዛኛው ሕመምተኛ ይድናል። እጁን በሳሙና እየታጠበ የሚያስታምም ሰውም በአጠገቡ መቀመጥ ይችላል።

አራተኛ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ሲመጣ መስኮት ይከፈት፣ ቡናውም ከቤት ወጥቶ በግቢው ሜዳ ላይ ይፈላ። አስታማሚው አንድ ይሁን፤ ጤነኛና ብርቱ የሆነ፣ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ይሁን። ሕፃናት የኩፍኝ ክትባታቸውን ያልጨረሱ ከሆነ ካቴኪስቱ ወላጆችን ያሳስብ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቈየ ሳል ያለበት ሰው ይመርመር፤ የሳንባ ነቀርሳ በመድኃኒት ይድናልና።

አምስተኛ፣ ለቅሶን በሚመለከት፣ በእንዲህ ያለ በሽታ ያረፈን ሰው አስከሬን ማጠብና መገነዝ የጤና ባለሙያዎች በሚሰጡት መመሪያ ይሁን። እድርተኛው በድንኳን ባይታጨቅ ሐዘንተኛውን አቃለለ አይባልም። በየተራ ከደጅ ቆሞ ያጽናና፤ እህልና ውኃውን ያድርስ፤ ዐርባው ሲደርስም አይርሳ።

ስድስተኛ፣ እናንተ ካቴኪስቶች ሆይ፣ ትምህርቱን በኽምጣና ለሚሰሙት በኽምጣና ንገሩ፤ በፍርሃት ጊዜ ሰው የሚገባው የእናቱ ቋንቋ ነው። የሕመምተኛውን ስም ለወሬ አታውሉ። በየቀኑ በታወቀ ሰዓት በደጁ ቁሙና በስሙ ጥሩት። ሁሉም በየበሩ ቆሞ መቍጠሪያውን አብሮ ይድገም። ሕመሙ የጠናበት ቢኖር ሳትዘገዩ ለካህን አስታውቁ፤ እኛም በሚገባ ጥንቃቄ ምሥጢራትን ይዘን እንመጣለን። ይህን ስንጽፍ ያችን እናት እያሰብን ነው።

ማርያም ተመለሰች

የዘኍልቍ ታሪክ በመለየት አልተጀመረም፣ በመለየትም አልተፈጸመም። ሰባቱ ቀን ሲሞላ ማርያም ወደ ሰፈርዋ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተጓዘ። ከእንግዲህ «ለምጻሟ» ተብላ አልቀረችም፤ የሙሴና የአሮን እኅት ሆና በጉዞው ቀጠለች። የዳነ ሰው ከጤና ተቋም ሲመለስ ግቢው እንዴት ይቀበለዋል? ልጆቹ ከልጆቻችን ጋር ይጫወታሉን? እንጀራዋን ሸጣ የምታድር እናት ደንበኛዋን መልሳ ታገኛለችን? ካልሆነ በሽታው ከሥጋው ቢወጣም ከሰፈራችን አልወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቡና በተመለሰው ሰው ስም ይፈላ።

ከዚህ የሚበልጥ ምሥጢርም አለ። የዕብራውያን መልእክት ጌታችን ከከተማይቱ በር ውጭ መከራን እንደ ተቀበለ ካስታወሰን በኋላ፣ እኛም ነቀፌታውን ተሸክመን ከሰፈር ውጭ ወደ እርሱ እንድንወጣ ይጠራናል። እንግዲህ በተዘጋው በር ማዶ ያለው ሕመምተኛ ብቻውን አይደለም፤ ከሰፈር ውጭ የተጣለው ክርስቶስ አስቀድሞ በዚያ አለ። ጌታን የሚፈልግ ሰው እስከዚያ በር ድረስ መሄድ አለበት። በሩን አልፎ መግባት ባይገባው እንኳ በደጁ ቆሞ ስም መጥራት ይችላል፤ ጀሪካኑንም በሰልፉ ጠብቆ፣ ሞልቶ፣ ከደፉ ላይ ማኖር ይችላል።

እናንተ በሰሃላና በሰቆጣ፣ በወለህና በየከተማው በአንድ ግቢ የምትኖሩ ሁሉ፣ መሐሪው አምላክ ቤታችሁንና ልጆቻችሁን ይጠብቅ። የሕሙማን ጤና የሆነችው እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በየደጃችሁ ትቁም። ሕመም ቢመጣም ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ሳይቀር እስኪመለስ ድረስ ጠብቃችሁ አብራችሁ ለመጓዝ ያብቃችሁ። አሜን።